የገነዛ ውሃ

ሬሳ የታጠበበት ውሃ የሰው እግር በማይረግጠው ቦታ ይደፋል። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም፤ ሲደረግ አይቼ ነው የያዝኩት። መካኒሳ አቦ አጠገብ የራሳችን ግቢ በነበረን ዘመን፣ ሰው ሲሞት ከአጥሩ ጥግ፣ ከጥዱ ሥር ጉድጓድ እንምስ ነበር። ውሃው እዚያ ይደፋል፤ አፈር ይመለስበታል፤ ከላዩ ድንጋይ ይደረጋል። ልጆች በዚያ በኩል ሲሮጡ ካየሁ እቆጣለሁ። ለምን ብለው ቢጠይቁኝ «ነውር ነው» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። ምክንያቱ የተረሳ ትእዛዝ ግን ትእዛዝነቱ አይቀርም። ብዙውን መልካም ነገር የምንጠብቀው ምክንያቱን ከረሳነው በኋላ ነው።

ከዚያ ግቢ ለቅቀን፣ ከሀይሌ ጋርመንት ገባ ብሎ ያለው ኮንዶሚኒየም ውስጥ መኖር ከጀመርን ወዲህ አፈር የለንም። ግድግዳ አለን፣ ደረጃ አለን፣ የጎረቤት ሳል የሚሰማበት ጣሪያ አለን፤ አፈር ግን የለንም። ሰው ሲሞት የምንገንዘው በጋራ መገልገያው ቤት ነው። በዓል ሲደርስ በግ የሚታረደው፣ ሠርግ ሲኖር ወጥ የሚሠራው፣ ሬሳም የሚታጠበው በዚያው ቤት ነው። ከወለሉ መሃል ወንፊት የተገጠመበት የፍሳሽ ቀዳዳ አለ። ውሃው እየተሽከረከረ በዚያ ይወርዳል። ወርዶ ወዴት እንደሚሄድ ሳልጠይቅ ብዙ ሰው አጥቤ ሸኝቻለሁ።

እኔ ካህን አይደለሁም። ጸሎቱን ካህናቱ ያደርሳሉ፤ እኔ የእድራችንን ወንዶች አጥባለሁ፤ ሴቶቹን ሴቶች ያጥባሉ። እጄ ስለማይንቀጠቀጥ አንድ ቀን ጠሩኝ፤ ከዚያ በኋላ እየተጠራሁ ቀረሁ። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እናጥባለን፤ አውራ ጣቶቹን በክር እናስራለን፤ በአቡጀዲ እንጠቀልላለን። ጓንት የሚባል ነገር በመካከላችን ገብቶ አያውቅም ነበር። ሰውን በመጨረሻ ቀኑ በባዶ እጅ መንካት ክብሩ ነው። ታሞ ሳለ ጠረኑን ፈርተን ከበር የተመለስንበት ሰው ቢሆን እንኳ፣ ያን ቀን ይቅርታ የምንጠይቀው በእጃችን ነው። ቆዳ ቆዳን ሲነካ «አልተጸየፍንህም» ማለት ነው።

የመጨረሻዋ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ በአንድ ላቦራቶሪ ሥራ ስትይዝ ደስ አለኝ። ሥራዋ ምን እንደሆነ ስሰማ ግን ደስታዬ ቀዘቀዘ። የበረዶ ሳጥን ተሸክማ ከወንዙ፣ ከቦዩና ከአትክልት መደቡ ውሃና አፈር እየቀዳች የምትዞር ሆነች።

«ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ? የሰው እጣቢ ልትቀጂ?» አልኳት።

«አባዬ፣ እጣቢው ተመልሶ ሰው ጋ ስለሚመጣ ነው የምንቀዳው» አለችኝ።

እሑድ ጠዋት ቁርስ ላይ ነገሩን አስረዳችኝ። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ የማላውቀውን ነገር ሳይገባኝ ራሴን አልነቀንቅም። ስለዚህ ደጋግሜ ጠየቅኋት። የሚፈልጉት በውሃው ውስጥ ያለውን ተህዋስ ብቻ አይደለም። ተህዋሱ አንቲባዮቲክን እንዴት እንደሚቋቋም የሚያውቅበት ዘረመል አለው፤ የሚፈልጉት እሱን ነው።

«ተህዋሱ ሲሞት አብሮት ይሞታል አይደል?»

«ሁልጊዜ አይደለም። ተህዋሱ ሞቶ ዘረመሉ ውሃ ውስጥ ወይም አፈር ላይ ሊቆይ ይችላል። ሌላው መጥቶ አንሥቶ ይወስደዋል። በሕይወት ሳሉም ይሰጣጣሉ።»

«ከአባቱ ሳይወርስ?»

«ከጎረቤቱ።»

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከአባቴ አይደለም። ዱቄት ፋብሪካ ስሠራ አጠገቤ ጆንያ የሚሰፋ አንድ ሰው ነበር። በምሳ ሰዓት ጆንያው ላይ በከሰል ፊደል እየጻፈ፣ እጄን በእጁ ይዞ እያስከተለ አስተማረኝ። ያ ሰው እድሜ ልኬን ጓደኛዬ ሆኖ ኖረ፤ ኮንዶሚኒየሙም ውስጥ ዕጣ ጎን ለጎን አደረሰን። እና ልጄ ስለ ተህዋሱ ስትነግረኝ ያየሁት እሱን ነው። እንደዚያ የሚተላለፍ እውቀት ምን ያህል ሩቅ እንደሚሄድ ከራሴ አውቀዋለሁ።

ቢሆንም በጊዜው መልሴ ሌላ ነበር። «ይህ የጥጋበኞች ጣጣ ነው» አልኩ። ጉሮሮው በከረከረው ቁጥር ፋርማሲ ሄዶ ካፕሱል የሚገዛ፣ ሲሻለው ግማሹን ትቶ ለሌላ ቀን የሚያስቀምጥ፣ ለጎረቤቱ የሚያካፍል ሰው ሞልቷል። በእኔ ቤት ይህ አይደረግም። ልጆቼ ሐኪም ያዘዘላቸውን እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ቆሜ አስውጣቸዋለሁ። ሰው በማይረባ ነገር ይቆጣል ብለው ያሙኝ ነበር።

ልጄ ሳቀች። «ጣጣው ያመጣውን ሰው መርጦ አይመለስም፣ አባዬ» አለች።

ባለቤቴ የስኳር ሕመም አለባት። ያን ዓመት ክረምት ሲወጣ ፕላስቲክ ጫማ እግሯን ፋቃት። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ላይ ያለውን ሕመም አይሰማም፤ እሷም ካልሲዋ ላይ ደም እስክታይ አላወቀችም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ቁስሉ በየቀኑ እንዲጸዳ ነግራ እንዴት እንደሚደረግ አሳየችን። ልጄ ማታ ነው የምትገባው፤ ስለዚህ ሥራው የእኔ ሆነ። በየቀኑ ከቀትር በፊት እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ እግሯን በርጩማ ላይ አስቀምጬ፣ በጨው ውሃ አጥባለሁ፤ በጎዝ እሸፍናለሁ።

«ቀስ በል እንጂ፤ ጆንያ እያራገፍክ መሰለህ?» ትለኛለች።

«አይሰማሽም ብለሽ አልነበር?»

«እግሬን ባይሰማኝ ፊትህን አያለሁ።»

ቁስሉ እየጠበበ ሳለ ከጎን ብሎክ አንድ አዛውንት ሞቱ። ሆስፒታል ብዙ ተኝተው፣ ጀርባቸው ቆስሎ፣ ቤታቸው ሊሞቱ የመጡ ሰው ናቸው። እኔ ነኝ ያጠብኳቸው። ጀርባቸውን ሳገላብጥ ያየሁትን እዚህ አልጽፈውም፤ ልጆቻቸው በሕይወት አሉ። በባዶ እጄ አጠብኩ፣ በደንብ አጠብኩ፣ እንደ ወጉ ሸኘኋቸው። ከቀብር ስመለስ እጄን እስከ ክርኔ ታጥቤ የባለቤቴን እግር እንደ ሁልጊዜው አጸዳሁ።

ከዚያ በኋላ ቁስሉ ጠረኑ ተለወጠ። ዳሩ ጠቆረ። ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ላካት፤ እዚያም ጥቂት ተኛች። መድኃኒት ተሰጣት፣ አልሠራም፤ ተለወጠ፣ አልሠራም። ከቁስሉ ናሙና ተወስዶ ተመረመረ። ወጣቱ ሐኪም አጠገቤ ተቀምጦ ረጋ ብሎ ነገረኝ፤ ቁስሏ ላይ ያለው ተህዋስ ብዙዎቹን መድኃኒቶች የተላመደ ነው፤ የሚቀረውን አንዱን እንሞክራለን፤ ካልሆነ እግሯን ለማትረፍ አስቸጋሪ ይሆናል። ለማትረፍ አስቸጋሪ ይሆናል ያለው ሊቆረጥ ይችላል ማለቱ ነው። በትሕትና ስለተናገረው አከበርኩት።

መድኃኒቱን በመርፌ እየተመላለሰች እንድትወስድ ተደርጎ ወደ ቤት መለሷት። ያን ቀን የሐኪሙን ቃል ለልጄ ነገርኳት። ከዚያ ምንም ያልመሰለ ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«አባዬ፣ ሬሳ የምታጥቡበት ውሃ ወዴት ነው የሚሄደው?»

ሁለተኛውን ጥያቄ ነበር የጠየቀችኝ። የመጀመሪያውን፣ ማለትም ሬሳውንም እናቷንም የነካውን የእጄን ነገር፣ አባቷ ስለሆንኩ ዘለለችው። እኔ ግን ሰማሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ውሃውን ተከትለን ወረድን። ከጋራ መገልገያው ቤት ጀርባ ያለው ማንሆል ክዳኑን ገፍቶ ይፈሳል። ሁላችንም እየዘለልን እናልፈዋለን፤ ልብሳችንን ሰብሰብ አድርገን፣ አፍንጫችንን ይዘን። ከዚያ ወደ አስፋልቱ ዳር ቦይ ይገባል፤ ቦዩ ከመኪና እጥበቱ ውሃ ጋር ይቀላቀላል፤ ከዚያ ቁልቁል ወደ ወንዙ። ልጄ እየቆመች በጠርሙስ ትቀዳለች፣ ጠርሙሱ ላይ ምልክት ትጽፋለች፤ እኔ ሳጥኑን ይዣለሁ። ሰው እያየን ነው። አንዷ ሱቅ ጠባቂ «ጠበል አገኛችሁ እንዴ?» ብላ ሳቀችብን።

ከወንዙ ማዶ የቆስጣና የሰላጣ መደብ አለ። መሬቱን የሚያርሰው ሰው ቤተሰቡ ከተማው ከመድረሱ በፊት ጀምሮ እዚያው የኖሩ፣ አያቱ ጤፍ የዘሩበትን እሱ ቆስጣ የሚያበቅልበት ሰው ነው። ከእሱ ነው አትክልት የምንገዛው፤ ስለዚህ ያውቀናል። የውሃ ሞተሩን አጥፍቶ ወደ እኛ መጣ።

«አንቺ ልጅ፣ እንዲህ እየቀዳሽ ወንዙን ልታደርቂብኝ ነው?»

«ትንሽ ነው ጋሼ። አፈርና ቅጠልም ብወስድ ይፈቅዱልኛል?»

«ውሰጂ። ግን ቀበሌ ሄደሽ መርዝ ነው እንዳትዪብኝ። እኔ ራሴ እበላዋለሁ፤ ይኸው ቆሜአለሁ።»

«ቀቅለው ነው በጥሬው?»

«ቆስጣ በጥሬው የሚበላ ፍየል ነው።»

«ሰላጣውንስ?»

ሰውየው አንገቱን አከከ። «ሰላጣ እኛ አንበላም» አለ። «እሱ ወደ ገበያ ነው የሚሄደው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ሳይቆጣ፣ «ደግሞ ውሃውን እኔ አልሠራሁትም። ከላይ ከእናንተ ነው የሚመጣው» አለኝ።

በጾም ወራት ገበታችን ከዚያ መደብ ነው የሚሞላው። ሰላጣውን ባለቤቴ በሎሚና በቃሪያ አድርጋ ታቀርባለች፤ ሰውነቷን ያቀልላት ይመስላታል። እጣቢያችንን ልከን ሰላጣ አድርገን ስናስመልሰው ኖረናል። ስለ ንጽሕና በልጆቼ ላይ ስጮህ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሳትታጠብ እህል አትንካ፣ ያልተጣራ ውሃ አትጠጣ፣ የወደቀ አትብላ። ይህን ሁሉ ስል ውሃው ከደጄ እስከሚወጣ ድረስ ብቻ ነበር የማስበው። ከደጄ ወዲያ ያለውን የሌላ ሰው ኃጢአት እንጂ የእኔ አድርጌ ቆጥሬው አላውቅም።

ውጤቱ ሲመጣ ልጄ አጠገቤ ተቀመጠች። መድኃኒት የሚቋቋምበት ዘረመል በማንሆሉ ውሃ አለ፤ በቦዩ አለ፤ በወንዙ፣ በመደቡ አፈርና በሰላጣው ቅጠል ላይም አለ። ከእናቷ ቁስል ከተገኘው ዓይነት ጋር የሚመሳሰልም አለበት።

«እንግዲያው ከእኔ ነው» አልኩ።

«እንደዚያ አላልኩም።»

«ሽማግሌውን አጠብኩ። እናትሽን ነካሁ። ምን ቀረ?»

«እማዬ ሆስፒታል ተኝታለች። ሰላጣም በልታለች። ማንሆሉ አጠገብ ባለፈች ቁጥር ጫማዋ እርጥብ ሆኖ ገብቷል። ጤና ጣቢያም ሰው ሁሉ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። መንገዱ ብዙ ነው፣ አባዬ።»

«አንዱን ምረጪ።»

«አልችልም። መገኘቱ አንድ ነገር ነው፤ መጉዳቱ ሌላ ነው። ዘረመሉ ያለው ሰው በሚያሳምም ተህዋስ ውስጥ ነው ወይስ አፈር ላይ ዝም ብሎ በሚኖር ውስጥ? ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ያልፋል? ሰው ጋ ምን ያህሉ ይደርሳል? የሚደርስበት ሰው ጤነኛ ነው ወይስ እንደ እማዬ የተከፈተ ቁስል አለው? ይህን ሁሉ አንድ ላይ አድርገን ነው የምንመዝነው።»

«መዝነሽስ ምን አገኘሽ?»

«ስጋት አለ።»

«ስጋት መልስ አይደለም።»

«ያለኝ እሱ ነው» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። «ያኔ ከሽማግሌው ላይ ናሙና ተወስዶ ከእማዬ ጋር ቢተያይ ኖሮ የተሻለ ነገር መናገር ይቻል ነበር። አሁን ተቀብረዋል።»

በጭካኔ መለስኩላት። ይህን ያህል ዓመት የተማርሽው አላውቅም ለማለት ነው ወይ አልኳት። ልጄ ተነሥታ ወደ ኩሽና ገባች። ባለቤቴ ከአልጋዋ ሰምታኝ፣ «አንተ ሰው፣ ተዋት! ያላየችውን አየሁ እንድትልልህ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። እኔ ልጆቼን በፍርድ ነው ያሳደግኩት። ብርጭቆ ሲሰበር ማን እንደሰበረው ሳላውቅ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ከታወቀ በኋላ መማር አለ፣ ይቅር ማለት አለ። አሁን የተሰበረው የሚስቴ እግር ነው፤ የሰበረው ግን አይታወቅም፤ ምናልባትም ለዘላለም አይታወቅም። ጥፋተኛ ነህ ቢባል ንስሐ እገባ ነበር። ንጹሕ ነህ ቢባል አመሰግን ነበር። ለስጋት ምን ዓይነት ጸሎት እንደሚጸለይ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ የሽማግሌው ጀርባ ከእኔ ጋር ነው። ቧንቧ ስከፍት አየዋለሁ። ታክሲ ውስጥ የሰው ትከሻ ሲነካኝ አየዋለሁ። እጄን ስታጠብ ሳሙናው የት ላይ እንደሚያቆም አላውቅም፤ ባለቤቴ «ቆዳህ አለቀ እኮ» እስክትለኝ እታጠባለሁ። ሰው ሙት ያባንነዋል ሲባል ሰምቼ ስቄ ነበር። የሚያባንነኝ ሙቱ ሰውዬ አይደለም፤ እሱ አርፏል። ከእሱ ጋር ያልሞተው ነገር ነው።

ይህ በሆነ ጥቂት ጊዜ ውስጥ ጓደኛዬ ሞተ። ፊደል ያስተማረኝ ሰው። እሱም ሆስፒታል ሰንብቶ ነው፤ ሳንባው ነበር፤ በመጨረሻ የተሰጠው መድኃኒት ሁሉ እንዳልያዘለት ልጁ ነግሮኛል። ጠዋት ድንኳኑ ሲተከል ከመስኮት አየሁ። ጠረጴዛው ላይ የጓንት ካርቶንና በረኪና ተቀምጦ አገኘሁ። ልጄ ነች ወደ ሥራ ስትሄድ ያስቀመጠችው። ባለቤቴም እቃውን አየችው፤ እኔንም አየችኝ።

አልገንዝም ብዬ መቅረት እንደምችል አሰብኩ። ግን እኔ ብቀር ሌላው በባዶ እጁ ይገባል፤ እሱም ቤቱ ውስጥ በሽተኛ አለው፣ ሕፃን አለው። እኔ ማወቄ እኔን ብቻ ካዳነ ምን እውቀት ነው? ካርቶኑን ይዤ ወረድኩ።

የእድሩ ዳኛ ከድንኳኑ በር ላይ አየኝ። «ምንድነው የያዝከው?»

«ጓንት ነው። ዛሬ የሚገባ ሁሉ ያደርጋል።»

«ሐኪም ሆንክ?»

«አልሆንኩም።»

ከጎኑ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ፣ «እኔ ስሞት በዚህ ላስቲክ ትነካኝና፣ ተነሥቼ ነው በጥፊ የምልህ!» አለ። ሰዎች ሳቁ፤ ወዲያው ሐዘን ቤት መሆኑን አስታውሰው ዝም አሉ። ዳኛው ግን አልሳቀም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጓደኛህ ነው» አለኝ። «ሌላውን እሺ። እሱን?»

«እሱን ጭምር» አልኩ። አልፌው ወደ መገነዣው ቤት ገባሁ።

የሟቹ ልጅ ውስጥ ሆኖ ውሃ እያሞቀ ነው። ትልቅ ሰው ነው፤ ባለትዳር ነው፤ ሚስቱ አራስ ናት። ጓንቱን ስዘረጋለት አልተቀበለኝም።

«ጋሼ፣ አባቴን በላስቲክ አልነካም።»

«ትነካለህ።»

«እሱ እርስዎን በላስቲክ ነክቶ ያውቃል?»

ይህ እንደ ቢላ ገባብኝ። ግን ፊቴን አልቀየርኩም፤ በዚህ በዚህ ሰው ጨካኝ እንደሚለኝ አውቃለሁ። «ሚስትህ አራስ ናት» አልኩት። «ከዚህ ስትወጣ ልጅህን በየትኛው እጅህ ነው የምታቅፈው?»

አለቀሰ። እያለቀሰ ጓንቱን አጠለቀ፤ እጁ እርጥብ ስለሆነ ጣቶቹ አልገባ እያሉት እኔ ሳብኩለት።

አጠብነው። ውሃው ወደ ቀዳዳው እንዳይሄድ ወንፊቱን በላስቲክ ሸፍነን በሳፋ ሰበሰብነው፤ በረኪና ጨምረን አቆየነው፤ በኋላ ከአጥሩ ጥግ፣ ከሕንጻው ጀርባ በተማሰ ጉድጓድ ደፍተን አፈር መለስንበት። ጥበቃው ግቢውን ቆፈራችሁ ብሎ ጮኸ፤ የሚቆፈርለት ሰው ማን እንደሆነ ሲነገረው ዶማውን ከእኛ ተቀብሎ አገዘን። ልጄ ጉድጓዱም ነገሩን ያቀለዋል እንጂ አይጨርሰውም ብላኛለች። እኔም ጨረስኩ አላልኩም።

ስለ ጓንቱ ያልገመትኩት አንድ ነገር ነበር። ከዚህ በፊት ሬሳ ስነካ መጀመሪያ የሚደርሰኝ ቅዝቃዜው ነው። ያ ቅዝቃዜ ነው ሰውየው መሄዱን የሚነግረኝ፤ ከዚያ በኋላ ልቤ ይረጋል፣ እጄም ሥራውን ይሠራል። ያን ቀን ቅዝቃዜው በላስቲኩ አላለፈም። የጓደኛዬን ቀኝ እጅ ያዝኩ፤ አውራ ጣቱን በክር አሰርኩ፤ ነገር ግን መሞቱን እጄ አላመነም። እስከ ዛሬም አላመነም። ደረጃ ላይ የእግር ኮቴ ስሰማ እሱ የመጣ ይመስለኛል።

ፊቱ ብቻ ሲቀር ልጁ ቀኝ ጓንቱን አወለቀ። ቀስ ብሎ በመዳፉ የአባቱን ግንባር ዳሰሰ፤ ከግንባሩ ወደ ጉንጩ፣ ከጉንጩ ወደ አገጩ። አየሁት። ተው ልለው አፌን ከፍቼ ነበር፤ አልወጣልኝም። ከዚያ በኋላ እጁን አስታጠብኩት፤ ደግሜ አስታጠብኩት። መከልከል ይገባኝ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር እኔም እንደ ልጄ ነው የምመልሰው፤ ያለኝ ስጋት ነው።

ፉሪ አካባቢ ካለ ቤተ ክርስቲያን ቀበርነው። ከቀብር ስንመለስ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። «ጓደኛውን ተጸየፈው እኮ» አለ አንዱ። ዞሬ አልመለስኩም። ይህ ስም ከእኔ ጋር እንደሚቆይ አውቃለሁ። ሰው ለእውነት ሲል ስሙን መስጠት አለበት ብዬ ልጆቼን ሳስተምር ኖሬያለሁ፤ ሲሰጡት እንዲህ እንደሚያም ግን አልነገርኳቸውም።

ቤት ስገባ የባለቤቴ እግር በርጩማው ላይ ነው። የማጽጃው ሰዓት አልፎ ስትጠብቀኝ ቆይታ ነበር። ሰኞ ሐኪሙ አይቶ ይወስናል፤ እግሯ ይተርፋል ወይም ይቆረጣል። ልብሴን ለወጥኩ፤ ታጠብኩ፤ የጨው ውሃውን አዘጋጀሁ። ከዚያ ከአዲስ ካርቶን ጓንት አውጥቼ አጠለቅሁ።

አየችኝ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ስስብ፣ ላስቲኩ ሲጮህ፣ አየችኝ።

«እኔንም መገነዝ ጀመርክ?» አለችኝ።

እንደ ልማዷ እየቀለደች መስሎኝ ቀና አልኩ። እየቀለደች አልነበረም። በአንድ አልጋ ያረጀችው ሴት የእጄን ልስላሴና ሸካራነት ከእኔ በላይ ታውቃለች። እግሯ ላይ ሕመም አይሰማትም፤ እጄ እዚያ መኖሩን የምታውቀው በማየት ብቻ ነው፤ አሁን ደግሞ ያየችው የእኔን እጅ አይደለም። ላወልቀው ፈለግሁ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ፈልጌ ነበር። ከእኔ ከሆነ ግን? ከእኔ ካልሆነስ፣ ይህን ሁሉ ያደረግሁት በከንቱ ከሆነ? ሁለቱንም አላውቅም፤ ሁለቱንም ሳላውቅ ያን እግር መንካት አለብኝ።

«አይደለም» አልኳት። «እንድትቆዪልኝ ነው።»

ጓንቱን አላወለቅሁም። ጎንበስ ብዬ የትናንቱን ጎዝ በጨው ውሃ እያራስኩ ከቁስሉ ላይ ማላቀቅ ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቶ እጇን ዘረጋችና ክንዴን ያዘችኝ፤ ላስቲኩ ካለቀበት በላይ፣ ቆዳዬ ከሚጀምርበት። ጨርሼ እስክነሣ አልለቀቀችኝም።